ባለመስኮቱ ጣሳ

አዲስ አበባ፣ አዲስ ከተማ
ነሐሴ 22 ቀን 1976 ዓ.ም.

አሰላሙ አለይኩም ጠሂራ፣

ሰላምታዬ ለወንድምሽ፣ ለሚስቱ፣ ለልጆቻቸው፣ ግቢው ውስጥ ለታሰረችው ላም ሳይቀር ይድረስ፤ ለአንቺ ግን ከሁሉ ተለይቶ ለብቻው ይድረስሽ። እኔ አልሀምዱሊላህ አለሁ። «ደህና ነኝ» ብዬ እንዳልጽፍ ወጤ በየቀኑ እያረረ፣ የሸሚዜ ቁልፍ አንድ በአንድ እየረገፈ ነው። «ደህና አይደለሁም» ብዬ እንዳልጽፍ ደግሞ ሐዘኔታ ልለምን የመጣሁ ይመስልብኛል። ስለዚህ አለሁ ልበልሽና ይብቃ።

ይህን ደብዳቤ ለወንድምሽ ሰጥተሽ እንዳታስነብቢ። ፊደሉን ሆን ብዬ እንደ መሠረተ ትምህርት ሰሌዳ አጉልቼ፣ ለያይቼ ጽፌዋለሁ። አንቺ በመጀመሪያው ዙር ምስክር ወረቀት ስትቀበዪ እኔ ወድቄ ከኋላ ወንበር ሳጨበጭብልሽ እንደነበር አልረሳሁም፤ ማንበብ አቃተኝ ብትዪ አላምንሽም።

ከደብዳቤው ጋር አንድ ጣሳ ይደርስሻል። የቅበቱ አውቶቡስ ሹፌር ቶላ ከመቀመጫው አጠገብ አድርጎ ሊያመጣልሽ ቃል ገብቶልኛል። ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ እንዳይጭነው ሦስት ጊዜ አስምዬዋለሁ። ጣሳውን አትነቅንቂው፣ ፀሐይ ላይ አታስቀምጪው፣ ውስጡ ያለችውን ዘንግ ደግሞ በአላህ ይሁንብሽ እንዳትመዢያት። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባላልና የምታውቂውን ጨምሬ ከሥሩ ልጀምር፤ የማታውቂው መሃል መሃሉ ላይ ተሰግስጓል።

አደሱን የነቀልኩ ዕለት አንቺ ሶማሌ ተራ ለቅሶ ሄደሽ ነበር። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር ነውና የመንገድ ዳር አጥር ሁሉ በገመድ ተለክቶ ይቅና፣ ቀለም ይቀባ የተባለበት ሰሞን ነው። የእኛ አጥር እንደምታውቂው ሆዱ ተነፍቶ ነበር። እናትሽ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት አንቺን ሊያርሱ ከቅበት ሲመጡ ካመጡት የአደስ እቅፍ አንዷን ዘንግ ከአጥሩ ሥር ሰክተዋት ነበር፤ ያቺ ዘንግ ቁጥቋጦ ሆና ቆርቆሮውን ወደ መንገድ ገፍታው ነበር። ሐሙስ ሐሙስ የሰፈሩ ሴቶች ለፀጉር ቅቤያቸው ሊወስዱ ሲመጡ አንቺ በመቀስ እየቆረጥሽ ስትሰጪ፣ ሽታው እኔ ቆርቆሮ የምቀጠቅጥበት ድረስ ይመጣ ነበር።

መቼም እኔ የእንሰት አገር ልጅ ነኝ። አባቴ አንዱን እንሰት ነቅሎ፣ ላዩን ቆርጦ፣ የወፍራሙን ሥር፣ የአሚቾውን፣ እምብርት በቢላ አውጥቶ፣ ፍግ አልብሶ ሲቀብረው አይቻለሁ። ሦስት ወር ሲሞላ ከዚያ ከአንዱ ጉድጓድ ሃምሳ ችግኝ እርስ በርሱ እየተጋፋ ይወጣል። ተክል ማብዛት ማለት ለእኔ ይኸው ነው፤ ሌላ መንገድ አለ ብሎ የነገረኝም ሰው የለም። እንሰት እንዲህ ከሆነ አደስ ምን ቤት ነው ብዬ ዶማዬን አነሣሁ። ከነሥሩ ነቀልኩት፣ ላዩን ቆረጥኩት፣ ግንዱን ለአራት ፈለጥኩት፣ እምብርት ፈልጌ ባጣ መሃሉን በመሮ ቦረቦርኩት። ከዚያ ከበግ ተራ ባመጣሁት ፍግ ሸፍኜ ቀበርኩት። ሥራዬ አምሮኝ እጄን እየታጠብኩ እንዳንጎራጎርኩም ትዝ ይለኛል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት እኔ ነኝ።

አንቺ መጣሽ፤ ጉድጓዱን አየሽ። «ይሄ ምንድን ነው?» አልሽኝ። እኔም፣ «ቀበሌ ነቅለህ ጣል ብሎኝ ነው፤ አይዞሽ፣ በሦስት ወር ሃምሳ አደርግልሻለሁ» አልኩሽ። ብትጮሂ ይሻለኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ልብስሽን በሻሽ ቋጥረሽ «ወንድሜን ልጠይቅ» አልሽና ወጣሽ። ወንድም ለመጠየቅ የሄደ ሰው የክረምት ጋቢውን ይዞ እንደማይሄድ የገባኝ አውቶቡስ ተራ ሸኝቼሽ ስመለስ ነው።

ረመዳንን ብቻዬን ጾምኩት። ማፍጠሪያ ሰዓት ላይ ጎረቤታችን ቅመም ሻጯ እቴቴ፣ ክርስቲያን ሆነው ሳለ፣ ከእኔ ቀድመው አዛን ይሰሙና በአጥሩ ቀዳዳ ቴምርና የምስር ሾርባ ያቀብሉኝ ነበር። አንድ ቀን ሾርባውን ሲሰጡኝ፣ «የቀበርከውስ እንዴት ሆነ?» አሉኝ።

«ገና ነው እቴቴ። ሦስት ወር ይፈልጋል።»

«ዝንብ ሲወጣበት አየሁ።»

ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል፤ ሦስቱን ወር መጠበቅ አቅቶኝ በማግስቱ በስድስተኛው ሳምንት ከፈትኩት። ጠሂራ፣ እዚያ ውስጥ የነበረውን አልነግርሽም። ጥቁር ነበር፤ ሽታውም የአደስ አልነበረም። በጉልበቴ ተንበርክኬ በእጄ እየፈለፈልኩ አንዲት አረንጓዴ ነገር ፈለግኩ። የለችም። የአጥሩ ኮሚቴ ያስቀባን ቢጫ ቀለም ያን ሰሞን በዝናብ እየታጠበ ወደ ጉድጓዱ ይፈስ ነበር፤ ሱሪዬን ሁሉ ቢጫ አድርጎብኝ ገባሁ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ቀን ከሐዘኑ እኩል አንድ ጥያቄ ያዘኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝም እርሱ ነው። እንሰት ተቀብሮ ሃምሳ ከሆነ፣ አደስ ተቀብሮ ለምን በሰበሰ? የእናትሽ ዘንግ ደግሞ ሥርም እምብርትም አልነበራትም። ከእቅፍ ላይ የተመዘዘች ቅርንጫፍ ነበረች፤ ሰው መሬት ላይ ሰካት፣ አሥራ አንድ ዓመት ኖረች። የተቆረጠ እንጨት እንደሞተ እንዴት ሳያውቅ ቀረ? ይህን ነገር አንቺን ልጠይቅሽ ዞር አልኩ፤ አልጋው ባዶ ነው።

እንግዲህ ለሥራ የሚመጣውን ሰው ሁሉ መጠየቅ ጀመርኩ። ኩራዝ ሊያሠራ የመጣውንም፣ ማንቆርቆሪያ ሊያስበይድ የመጣውንም። አንዱ «ሰውዬው ከሚስቱ ከተጣላ ወዲህ እንጨት እንጨት ይላል» ብሎ አስወርቶብኛል። በመጨረሻ አቶ ገብረ ኢየሱስ የሚባሉ ሽማግሌ የአትክልት ውኃ ማጠጫ ሊያሠሩ መጡ። ድሮ አንድ ትልቅ ግቢ ውስጥ አትክልተኛ የነበሩ ናቸው፤ ከአንድ ጣሊያን የተማሩት ነው። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሽማግሌው ሳቁ፣ ሳቁ፣ ከበርጩማው ሊወድቁ ደረሱ።

«ልጄ፣ ከመጠምጠም መማር ይቅደም። እንሰትህ ሆዱ ውስጥ ስንቁን ይዞ ነው የሚቀበር፤ ከዚያ እየበላ ይወልዳል። አደስ ምን ስንቅ አለው? ፍግ ውስጥ ስትጨምረው በቁሙ አቃጠልከው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ስንዝር የምታክል ለጋ ዘንግ ቁረጥ። ከአንጓው ሥር ነው የምትቆርጠው። የታቹን ቅጠል አራግፍ፣ ከላይ አራት አምስት ተው። እርጥብ አሸዋ ውስጥ ስካ። ጥላ፣ እርጥበት፣ ትዕግሥት። በቃ።»

«ሥሩ ከየት ነው የሚወጣው?»

«ከተቆረጠበት ጋ።»

«ከደህናው ቆዳ አይደለም?»

«አይ፣ ከቁስሉ ነው። ቁስሉ መጀመሪያ ያብጣል፣ ጠባሳ ይመስላል። ከዚያ ሥር ያወጣል። ለምን ብትለኝ አላውቅም፤ ጣሊያኑም አያውቅም ነበር።»

የውኃ ማጠጫውን ወንፊት አርባ ቀዳዳ አድርጌ አሣምሬ ሠራሁላቸው። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ግን ዘንግ ከየት አባቴ ላምጣ? ገበያ የሚሸጥ አደስ ሞልቷል፤ የእናትሽ ግን አይደለም። ሌላ አደስ ተክዬ «ይኸው» ብልሽ ሽታውን ሳታሸቺ ከበር እንደምትለዪው አውቃለሁ።

አሁን አንቺ የምታውቂው፣ እኔ አሥር ዓመት ሙሉ ሳላውቀው የኖርኩት ነገር መጣ። በዒድ ማግስት እቴቴ ቤት ሰሐን ልመልስ ገባሁ። ከማድ ቤታቸው ጀርባ፣ አፉ በተሸረፈ እንስራ ውስጥ፣ ወገቤ ድረስ የሚደርስ አደስ ቆሟል። ቅጠሉን ቀጥፌ አሸሁት። ያው ነው።

«እቴቴ፣ ይሄ ከየት መጣ?»

«ከቤትህ ነዋ» አሉኝ። «የሱሀይር እናት ናት የሰጠችኝ።»

ጠሂራ፣ ያን ስም ከሰው አፍ ከሰማሁት አሥር ዓመት አልፎኛል። ሰው ሁሉ ሱሀይር አርባዋ ሳይሞላ በተቀበረች ማግስት «የሱሀይር አባት» «የሱሀይር እናት» ማለቱን ተወ፤ ለእኛ አዝኖ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው እኔ ነኝ ያስተውኩት። የጠራኝን ሰው ፊት እነሣ ነበር። አንቺንም አንድ ሁለቴ ስሟን ልታነሺ ስትይ መዶሻ አንሥቼ ወጥቻለሁ። እቴቴ ግን እኔ ሳልኖር እስከ ዛሬ በዚያ ስም እንደሚጠሩሽ ነገሩኝ። ዘንጓንም የሰጠሻቸው በዚያው ዓመት ነው አሉ። «እርስዎ ዘንድ አንድ ትኑርልኝ፤ የእኛዋ ብትደርቅ ምንም አይቀረኝም» ብለሻቸው ነበር።

አብሮሽ የሚያድር ሰው ይህን ሳያውቅ ይኖራል? ስንት ሐሙስ «እቴቴ ጋ ደርሼ ልምጣ» ስትዪ ቅመም ልትገዢ የምትሄጂ ይመስለኝ ነበር።

እቴቴ ዘንግ ስጡኝ ስላቸው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። «ይቺንም ልትቀብራት?» አሉኝ። ምዬ ተገዝቼ፣ አቶ ገብረ ኢየሱስ ያሉኝን አንድ በአንድ አስረድቼ፣ ዘጠኝ ዘንግ ሰጡኝ። ራሳቸው ናቸው የቆረጡት፤ መቀሱን እንኳ አላስነኩኝም።

ስለ ዘጠኙ ብትሰሚ ትስቂብኛለሽ፤ ሳቂ፣ እፈልጋለሁ። የዱቄት ወተት ጣሳዎችን ታቻቸውን በምስማር በሳሳሁና አሸዋ ሞላሁባቸው። እጄ ግን የለመደው ፍግ ነው፤ «ትንሽ ብቻ፣ ለሽታው ያህል» ብዬ ሦስቱ ላይ ጨመርኩ። ሦስቱም በሁለት ሳምንት ጠቆሩ። አንዷን ደግሞ ሆን ብዬ ገልብጬ ሰካኋት። እንጨቱ ራሱንና እግሩን እንዴት ይለያል የሚለው ነገር ሆዴን በልቶኝ ነው፤ ማን ነገረው? ውጭ የቀረው እግሯ እርጥቡን አየር እየጠጣ ትንሽ አበጠ፣ መሬት የሚፈልግ ይመስል ነበር። ከዚያ ደረቀች። አውቃ ነበር ማለት ነው። ይህን ሳይ የተሰማኝን ደስታ ለማን ልንገር? ለአቶ ገብረ ኢየሱስ ብነግራቸው «ምስኪኗን ለምን ገለበጥካት?» ብለው ተቆጡኝ።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ግን ሁለቱ ናቸው። ልሥራ ልቀመጥና ልቤ ጣሳው ላይ ይሆናል። ሥር አውጥታ ይሆን? አላወጣችም ይሆን? ተነሥቼ ቀስ ብዬ መዝዤ አየኋት፤ ምንም የለም፤ መልሼ ሰካኋት። በነጋታው ደግሞ ሌላዋን። በሳምንት ሦስት ጊዜ። እቴቴ በአጥሩ ቀዳዳ አይተው፣ «አንተ ሰውዬ፣ ዶሮ እንቁላሏ ላይ ስትቀመጥ በየሰዓቱ ብድግ እያደረግህ ታያለህ?» አሉኝ። ሁለቱም ሞቱ። በሁለተኛዋ እግር ላይ አንዲት ክር የምታክል ሥር ተቆርጣ አገኘሁ። በሕይወት ነበረች፤ የገደላት የእኔ ማየት ነው።

አላይም ብዬ ብምልም እንደማልችል ስለማውቅ ሌላ መላ ፈለግኩ፤ ቆርቆሮ ሠሪ ሆኜ ለምን ተፈጠርኩ? ባለአራት ማዕዘን የዘይት ጣሳ ወስጄ አንዱን ጎኑን በመቀስ ቆርጬ አወጣሁ። በቦታው ከመስታወት ቆራጩ የለመንኩትን ስብርባሪ መስታወት በስቱኮ አጣብቄ አስገባሁ። አቶ ገብረ ኢየሱስ ሥር ብርሃን አይወድም ስላሉኝ በመስታወቱ ላይ ወደ ላይ የሚሳብ የቆርቆሮ መዝጊያ ሠራሁለት። ከዚያ ጣሳውን ወደ መስታወቱ በኩል ዘንበል አድርጌ አቆምኩት፤ ሥር ወደ ታች ከወረደ መስታወቱን ሳይነካ አያልፍም ብዬ ነው። ከቀሩት ሦስት ዘንጎች ሁለቱን እዚያ ተከልኩ። ሦስተኛዋን ውጭ ብተዋት የጎረቤት የአረፋ በግ ገመዱን በጥሶ በላት፤ ለዚያ በግ ዱዓ አላደርግም።

ጎህ ሲቀድ ፈጅር ሰግጄ ስመለስ መዝጊያውን እስባለሁ፣ እስከ አሥር እቆጥራለሁ፣ እዘጋለሁ። ከአሥር በላይ አላልፍም። አንድ ሳምንት አሸዋ ብቻ። ሁለት ሳምንት አሸዋ ብቻ። ነሐሴ አሥር ቀን ጠዋት መስታወቱ ላይ የሩዝ ጫፍ የምታክል ነጭ ነገር አየሁ። ትል መሰለችኝ። በማግስቱ ረዝማ ወደ ታች ታጠፈች። ትል አይደለችም ጠሂራ። ከቁስሉ ነው የወጣችው፣ ሽማግሌው እንዳሉት።

ጫማዬን ሳላደርግ ሮጬ የእቴቴን በር መታሁ። ነጠላቸውን እየጎተቱ ወጡና አዩኝ፤ «ምነው፣ ሰው የወለደ ትመስላለህ?» አሉኝ። ከዚያ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ሱሀይር የተወለደች ጠዋት እንዲሁ ባዶ እግሬን ሮጬ ይህንኑ በር እንደመታሁ ለሁለታችንም እኩል ትዝ አለን። ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሱሀይርን የቀበርናት ቀን አላለቀስኩም ነበር፤ አንቺ ታውቂያለሽ፣ አንድ ቀንም ሳትነቅፊኝ ኖርሽ።

ባለፈው ሰኞ ደግሞ የአጥር ኮሚቴው ጓድ ሀብተ ወልድ ቀለሙን ሊቆጣጠር መጣ። ጣሳዬን ሲያይ ጎንበስ ብሎ ዞረው።

«ይሄ መዝጊያ ያለው ነገር ምንድን ነው? ሬዲዮ ነው?»

«አደስ ነው።»

አላመነኝም፤ ስቤ አሳየሁት። እሱም እንደ እኔ አፉን ከፍቶ አየ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ታዲያ ሥር ለማብቀል እንዲህ የምትጨነቅ ሰው ያንን ትልቁን ለምን ነቀልከው? እኔ አንድ ስንዝር ከርክም ነው ያልኩህ። ለሚስትህም የነገርኳት ይህንኑ ነው» አለኝ።

«ለሚስቴ? መቼ?»

«መጥታ ጠየቀችኝ። 'ንቀሉ ብላችሁታል ወይ?' አለችኝ። ኧረ አላልንም አልኳት። እንግዲህ ሌላ ነገር አልጨመርኩም።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። እኔ አንቺ የሄድሽው ስለ አደሱ መስሎኝ ሦስት ወር ሙሉ አደስ ሳበቅል ከረምኩ። ለካ የሄድሽው ስለ ውሸቴ ነው። አንድ ቃል ሳታወጪ፣ ሳታዋርጂኝ፣ እውነቱን ይዘሽ ሄድሽ።

ስለዚህ በገዛ እጄ ጽፌ ልናዘዝ። ቀበሌ ንቀል አላለኝም። አንድ ስንዝር ብከረክም ይበቃ ነበር። ሃምሳ አደርገዋለሁ ብዬ ማሰቤ እውነት ነው፤ ግን ሙሉው እውነት እርሱ አይደለም። ያ አደስ ባበበ ቁጥር ነጭ አበባውን ሳይ የሚታየኝ እናትሽ ያን ዘንግ ሲሰኩ አንቺ በር ላይ ልጅቷን ታቅፈሽ ቆመሽ ነው። በየዓመቱ ያብባል፣ በየዓመቱ አያለሁ። ሥሩ ከመሬት ሲላቀቅ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ቅልል አለኝ። ያን ቅልል ማለት ደግሞ አፈርኩበትና በቀበሌ አሳበብኩ። ለአንቺ እርሱ የልጅሽ ማስታወሻ እንደሆነ አላውቅም ነበር አልልሽም። አውቅ ነበር። ያላወቅኩት አንቺ እየተንከባከብሽው እኔ እየሸሸሁት አሥር ዓመት አንድ ቤት መኖራችንን ነው።

ለአረፋ የመርካቶ ሰው ሁሉ ወደ አገሩ ሲተም «ሙነወርስ ለምን አልመጣም?» ትያለሽ። የይለፍ ወረቀቱን ሀብተ ወልድ ይጽፍልኝ ነበር፤ አልጠየቅኩትም። ብመጣ ወንድምሽ ሽማግሌ ይሰበስባል፤ ሽማግሌ ደግሞ «ታረቂ» ከማለት ሌላ አያውቅም፤ አንቺም ለሰው ክብር ብለሽ ትነሺያለሽ። እንዲህ ሆነሽ እንድትመጪ አልፈልግም። ለዚህ ነው ጣሳውን የላክሁት፤ እርሱ አያባብልም።

ከዋናው ቀን ቀድሞ ከሚውለው ከሴቶች አረፋ በፊት ይደርስሻል ብዬ አስባለሁ። ውስጡ ያለችው ከሁለቱ ጠንካራዋ ናት፤ አራት ሥር አላት፣ ቆጥሬያለሁ። ጠዋት ጠዋት መዝጊያውን ሳቢና እስከ አሥር ቆጥረሽ ዝጊ። አሸዋው ሲደርቅ ብቻ ውኃ ርጪባት። ሁለተኛዋ እኔ ዘንድ ናት፤ አንድ ሥር አላት፣ ስንፍናዋ እኔን ነው የመሰለችው።

እኛ አገር እንሰት የሚተክል ወንድ ነው፤ ሴት ደግሞ ትፍቃለች። በአደስ ግን ሕጉ ሌላ መሆኑን አይቻለሁ። እናትሽ ተከሉ፣ አንቺ ተከልሽ፣ እቴቴ ተከሉ፤ እኔ ቀበርኩ። ስለዚህ የምትተክይበትን ቦታ አንቺ ምረጪ። ወንድምሽ ግቢ ብትተክያት እዚያ ትጸድቃለች፤ አፈሩ ጥሩ ነው፣ የእናትሽም አገር ነው። እንዲያ ከሆነ ቶላ በሚቀጥለው ሲመጣ ጣሳውን ባዶውን ስጪው። ባዶውን ሳይ ይገባኛል፤ ቅሬታም አይኖረኝም፤ ልብስሽንና ማሰሮዎችሽን አሽጌ እልክልሻለሁ። እንዲያ ካልሆነ ደግሞ ከአጥሩ ሥር የነበረውን ጉድጓድ ፍጉን ሁሉ አውጥቼ፣ አሸዋና ጥሩ አፈር ሞልቼ፣ በጉ እንዳይገባ በቆርቆሮ ከልዬው ትቼዋለሁ። ምንም አልተከልኩበትም። ሌላ ነገርም አይተከልበትም፣ እኔ እስካለሁ።

ሳትመጪም ብትቀሪ አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ ስትጽፊልኝ ስሟን ጻፊልኝ። ምን ትመስል እንደነበር ንገሪኝ። እኔ ፀጉሯን ብቻ ነው የማስታውሰው፤ ሌላውን ሸሽቼው ጠፍቶብኛል፤ አንቺ ዘንድ ግን እንዳለ አውቃለሁ።

አላህ ጤናሽን ይጠብቅልሽ። የእጅሽን ነገር ሁሉ ያጽድቅልሽ። አረፋሽን የሰላም ያድርግልሽ። የእናትሽን መቃብር ስትዘይሪ ስለ እኔም ይቅርታ ጠይቂልኝ፤ የሰኩትን የነቀልኩባቸው እኔ ነኝ።

የሱሀይር አባት
ሙነወር